ስለ ትኩሳቱ ማን ነገረሽ?

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከወትሮው በዝተዋል። ሁሉም ማለት ይቻላል የልጅ ነገር ናቸው። ለአዲስ አንባቢ ራሴን ላስተዋውቅ። 34 ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ባህር ዳርና በጣና ዙሪያ። አሁን ጡረተኛ ነኝ። ጠዋት በሐይቁ ዳር ወክ አደርጋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ መነጽሬን ፈልጌ ደብዳቤ አነባለሁ። ሐኪም አይደለሁም። የታመመ ልጅ አጠገቡ አስተኝቶ የሚጽፍልኝ ሰው ካለ መልሴ አንድ ነው፦ ስክሪብቶውን ጣልና ልጁን ይዘህ ጤና ጣቢያ ሂድ።

«ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የምኖረው ሽምብጥ ነው። የመጀመሪያ ልጄ 9 ወር ሊሞላው 10 ቀን ቀርቶታል፣ የኩፍኝ ክትባት ቀጠሮው ደርሷል። 6 ሳምንቱ ላይ ሲከተብ ሌሊቱን ሙሉ ሲያተኩሰውና ሲያለቅስ አደረ፣ ጭኑም አብጦ ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለቱን ከአማቴ ተደብቄ ነው ያስከተብኩት። አሁን አማቴ እኛ ጋር መጥተው ገብተዋል። ‹ከእንግዲህ ይህ ልጅ መርፌ አያይም፣ እኔ ስድስት ልጆች ያለ ክትባት አሳድጌአለሁ› ይላሉ። ባለቤቴ በመካከል ሆኖ ዝም ይላል። በዚህ ላይ አንድ ሰው ቲክቶክ ላይ የኩፍኝ ክትባት ልጅን ኦቲዝም ያደርጋል ሲል ሰማሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈራሁ። ምን ላድርግ?» እናት፣ ከሽምብጥ

ልጄ፣ ከቲክቶኩ በፊት ስለዚያች ሌሊት እናውራ። የከተበችው ባለሙያ ከመውጣትሽ በፊት «ዛሬ ማታ ሊያተኩሰው ይችላል፣ አትደንግጪ» ብላሻለች? ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ እንዲህ የሚል ነገር የለበትም። አልነገረችሽም ብዬ ልገምት። እንደዚያ ከሆነ ለዚያች ሌሊት ድንጋጤ ተጠያቂዋ አንቺም አይደለሽም፣ አማትሽም አይደሉም።

ይህን በድፍረት የምለው እኔም ያልተናገርኩበት ጊዜ ስለነበረ ነው።

1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ገና አዲስ ነርስ ነበርኩ። በወር አንድ ቀን በጀልባ ወደ ዘጌ እንሻገር ነበር። ትከሻዬ ላይ የክትባት ሳጥን፣ ሳጥኑ ውስጥ ዙሪያውን በረዶ፣ መካከሉ ላይ ብልቃጦቹ። ሐሳቤ ሁሉ በረዶው ላይ ነበር። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው የሚቆየው፤ በረዶው ከቀለጠ ድካሜ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ እቸኩላለሁ። የቡናው ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ «ቀጥሎ! ቀጥሎ!» እያልኩ ሠላሳ ልጅ እወጋና ጀልባው ሳይሄድብኝ እሮጣለሁ። ከእናቶቹ ለአንዷም እንኳ «ዛሬ ማታ ያተኩሰዋል» አላልኩም።

በሚቀጥለው ወር ስንሄድ ጠረጴዛው ፊት የመጡት አራት ልጆች ናቸው። ሌሎቹን እናቶቻቸው ቡናው ውስጥ ደብቀዋቸዋል። የሚገርመው ሳቃቸው ይሰማኛል። ድብብቆሽ መስሏቸዋል እኮ።

ጠረጴዛዬን አጥፌ ቁጭ አልኩ። አንዲት እናት አዘነችልኝ መሰለኝ ቤቷ አስገብታ ቡና አፈላችልኝ። አቦል ላይ ዝም። ቶና ላይ ስለ ከብት አወራን። በረካው ላይ ነው የተነፈሰችው። «ልጄ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ምጣድ ሲግል አደረ። መርዝ ሰጥተሽው የሄድሽ መሰለኝ። ምናለ አንዲት ቃል ተናግረሽ ብትሄጂ?» አለችኝ። ምን እመልሳለሁ? አፌን ይዤ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዷ እናት እየነገርኩ ነው የምከትበው። በሦስተኛው ወር ግማሹ ሰው ተመለሰ። ግማሹ አልተመለሰም። በዚያው ዓመት ኩፍኝ ገባ። ሦስት ዓመት የማይሞላት አንዲት ልጅ ከሽፍታው ተርፋ የግራ ዓይኗ ብሌን ላይ ነጭ ነገር ቀረባት። ቡናው ውስጥ ሲስቁ ከሰማኋቸው ልጆች አንዷ ትሁን አትሁን ደፍሬ አልጠየቅሁም።

ስለዚህ ያልተነገረሽን እኔ ልንገርሽ። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ፔንታ የሚባለው መርፌ አምስት በሽታ ይከላከላል፤ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ዘጊ አናዳ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ፣ እንዲሁም የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር የሚያመጣ ሂብ የሚባል ባክቴሪያ። ትኩሳቱን በብዛት የሚያመጣው የትክትኩ ክፍል ነው። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ይመጣና ያልፋል። ልጁን አቅልለሽ ማልበስ፣ ቶሎ ቶሎ ማጥባት፣ ካስፈለገ በክብደቱ ልክ የታዘዘ ፓራሲታሞል። በቃ። ትኩሳቱ ከሁለት ቀን ካለፈ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም ሦስት ሰዓት ያለማቋረጥ ካለቀሰ ግን ሌሊትም ቢሆን ጤና ተቋም ትወስጂዋለሽ።

የኩፍኙ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። በዚያው ማታ ላያተኩሰው ይችላል። ከ5 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ነው ትንሽ ትኩሳት፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ቀለል ያለ ሽፍታ የሚታየው። ይህን አስቀድመሽ ለአማትሽ ንገሪያቸው። በስምንተኛው ቀን ሽፍታ ሲያዩ «ይኸው! ብዬ ነበር!» ከሚሉ «አዎ፣ ይመጣል ተብሏል» ይበሉ።

ለምን 9 ወር ተባለ? ከማህፀን ሳለ ካንቺ ይዞት የወጣው መከላከያ የመጀመሪያዎቹን ወራት ይጠብቀዋል፣ ከዚያ እየሳሳ ይሄዳል። ቀደም ብሎ ቢሰጥ ያንቺው መከላከያ ክትባቱን ያዳክመዋል። 9 ወር ላይ ከተከተቡ 100 ልጆች 85 ገደማው ይጠበቃሉ። ለቀሩት ሲባል 15 ወር ላይ ሁለተኛ አለ፤ እሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ኩፍኝ ደግሞ ጊዜ የሚሰጥ በሽታ አይደለም። አንድ የታመመ ልጅ መከላከያ በሌላቸው ሰዎች መካከል ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል። በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት አየሩ ላይ ይቆያል። የገዳዩ ስም ብዙ ጊዜ ኩፍኝ ተብሎ አይጻፍም፤ ተከትለውት የሚመጡት ሳንባ ምችና ተቅማጥ ናቸው።

ወደ አማትሽ ልምጣ። ስድስት ልጆች አሳደጉ ብለሽ ጽፈሻል። ስንት እንደወለዱ አልጻፍሽም። በእሳቸው ዘመን እናት ስትጠየቅ «ይህን ያህል ወልጄ ይህን ያህል አሳደግሁ» ነበር መልሷ፤ ሁለቱ ቁጥር እኩል የሚሆንላት ጥቂት ናት። በ1990 እ.ኤ.አ. በአገራችን ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 200 ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት 59 ደርሷል። ክትባት ብቻውን ያመጣው ነው አልልም፤ ውኃውም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹም፣ የናት ትምህርትም አለበት። ግን ክትባቱም አለበት። ጥያቄውን ለክርክር ማሸነፊያ እንዳታደርጊው አደራ። አንድ ቀን ቡና ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ «እማማ፣ ስንት ወለዱ?» በያቸው። ከዚያ አንቺ ዝም በይ፣ እሳቸው ይናገሩ።

ዕድሜያቸው ከስልሳ ካለፈ ደግሞ ክንዳቸውን ልብ ብለሽ እዪ። ክብ ጠባሳ ካለ የፈንጣጣ ክትባት ሊሆን ይችላል። በዚያ ዘመን ከታቢዎች በእግርና በበቅሎ አገሩን አዳርሰውታል፤ ብዙ ሰው ተከትቦ ረስቶታል። «ክትባት» የሚለው ቃል ራሱ ከፈረንጅ የመጣ እኮ አይደለም። ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው። የአገራችን ሰው ዘመናዊው መርፌ ከመምጣቱ በፊት ከፈንጣጣ ቁስል ወስዶ የጤነኛን ሰው ክንድ በጥቶ ያስገባ ነበር። አደገኛ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ይኸው ያሁኑ ነው።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው ጎረቤታችን ሶማሊያ ውስጥ በ1977 እ.ኤ.አ. የታመመው አሊ ማው ማሊን ነው። የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር። ክትባቱ ደጁ ላይ ነበር፤ ያማል ብሎ ሸሸው። ከዳነ በኋላ ግን የፖሊዮ ክትባት ቀስቃሽ ሆኖ «እኔን አትምሰሉ» እያለ ዞረ። መርፌ መፍራት የአማትሽ ብቻ አይደለም ማለቴ ነው።

ኦቲዝሙን ባጭሩ ልጨርሰው። ወሬው የመጣው ከእንግሊዝ አገር ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. አንድሪው ዌክፊልድ የተባለ ሐኪም 12 ልጆችን ብቻ ይዞ ላንሴት በተባለ መጽሔት ላይ ጽሑፍ አወጣ። የጻፈውም ኩፍኝን ከሌሎች ሁለት በሽታዎች ጋር ስለሚይዝ ክትባት ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. መጽሔቱ ጽሑፉን ሰረዘው፣ እሱም በዚያው ዓመት ከሐኪሞች መዝገብ ተሰረዘ። በ2019 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ ከ650 ሺህ በላይ ልጆችን የተከታተለ ጥናት ታተመ። ከተከተቡትና ካልተከተቡት መካከል ልዩነት አልተገኘም። ታዲያ ወሬው ለምን አይሞትም? የኦቲዝም ምልክት ለቤተሰብ ጎልቶ የሚታየው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ዓመት፣ ክትባቱም በሚሰጥበት ሰሞን ስለሆነ ነው። እናት ሁለቱን ታያይዛለች። አልፈርድባትም፤ የልጇን ምክንያት እየፈለገች ነው።

አሁን የምታደርጊው። በቀጠሮሽ ቀን ሂጂ፤ ቀኑን አትለውጪ። የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ ብዙ ልጅ የሚከትብ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ 6 ሰዓት ነው ዕድሜው፣ የተረፈው ይደፋል። «ልጆች ሲሟሉ እንከፍታለን» ተብላ የተመለሰች እናት ካለች ምክንያቱ ይህ ነው። ይህንንም ለእናቶች የሚያስረዳ ስለሌለ ነው ስድብ የሚመስለው። ልጁ ቀላል ጉንፋን ቢኖረው አያግድም። አማትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ! እሳቸው ይቀፉት። ባለሙያዋን «ማታ ምን ይሆናል? በሳምንቱስ?» ብለሽ እሳቸው ባሉበት ጠይቂ። ብልቃጡን ሙቀት እንዳልነካው የምታሳየውን ምልክትም አሳዩን በያት፤ በኩፍኙ ላይ ክዳኑ ላይ ነው ያለችው። ክብ ናት፣ መካከሏ ላይ ነጣ ያለች አራት ማዕዘን አለች። ሙቀት ሲነካት አራት ማዕዘኗ ትጠቁራለች። ከዙሪያዋ ክብ ጋር እኩል ከጠቆረች ያ ብልቃጥ አይሰጥም። አሮጊቶች ይህን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል፤ ወተት ከመግዛታቸው በፊት እንደሚያሸቱት ዓይነት ነገር ነው።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ዝምታውን አልወደድኩትም። ልጁ የእሱም ነው። በቀጠሮው ቀን ባጃጅ ጠርቶ ከፊት ይቀመጥ።

«ሲስተር፣ የ13 ዓመት ልጅ አለችኝ። ትምህርት ቤት የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ሊሰጥ ነው ብላ መጣች። ሠፈር ውስጥ ሴት ልጅን መካን የሚያደርግ ነው ይባላል። ደግሞስ ለዚህች ሕፃን ምን አስቸኮለ?» አባት፣ ከቀበሌ 14

ወንድሜ፣ ያስቸኮለው ነገር ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ መሆኑ ነው። ክትባቱ የሚሠራው ቀድሞ ሲሰጥ ነው። ዣንጥላ ዝናብ ሳይጥል ነው የሚያዘው። ልጅህን ባለጌ ናት ያለ ሰው የለም፤ ትዳሯም እኮ አንድ ቀን ይመጣል።

መካንነቱ ውሸት ነው። በክትባቱ ውስጥ ሕይወት ያለው ቫይረስ የለም፤ የቫይረሱን ቅርፊት የሚመስል ፕሮቲን ብቻ ነው። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ። የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው። ልጅ መውለድን የሚከለክለው እንግዲህ እሱ ነው። የማህፀን ችግር ይዛ ዘግይታ የመጣች ሴት ያስታመመ ሰው ይህን ወሬ አያወራም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የልጅቷ እናትስ? ከ30 እስከ 49 ዕድሜ ያሉ ሴቶች በጤና ተቋም ይመረመራሉ። ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ቀብተው ነው የሚያዩት፤ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ልጅህን ስትልክ እናቷንም ላክ።

«እትዬ ሲስተር፣ ልጄ 1 ዓመት ከ2 ወሯ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ቤታችን የፍስክ ድስት አይወጣም። ለእሷ ብዬ እንቁላል ላብስል ብል እናቴ ዕቃ ታረክሺያለሽ ትለኛለች። 55 ቀን ሽሮ ፍትፍት ብቻ ይበቃታል?» ከፋሲሎ

የኔ እናት፣ አይበቃትም። ጡት እያጠባሽ ከሆነ ቀጥዪ፣ ግን በዚህ ዕድሜ ጡትና ሽሮ ብቻ አያሳድግም። በ2008 ዓ.ም. ጥናት በክልላችን ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 46ቱ ለዕድሜያቸው አጭር ሆነው ተገኝተዋል፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። እህል ያለበት አገር፣ ጣና አጠገባችን ሆኖ! ጎተራው ባዶ ሆኖ ብቻ አይደለም። ልጁ ፊት የሚቀርበው ሳህን አንድ ዓይነት ስለሆነም ነው።

ሕፃን ጹሚ አይባልም፤ ይህን እናትሽም ያውቃሉ። ችግሩ ጾሙ ሳይሆን ድስቱ ነው። እንግዲህ ዘዴው፦ እንቁላል በቅርፊቱ ይቀቀላል። ድስቱን የሚነካው ቅርፊቱ ነው። ውኃውን ደፍተሽ፣ በልጅቷ በራሷ ሳህን ላይ ልጠሽ፣ በማንኪያዋ ጨፍልቀሽ ትሰጫታለሽ። ለአንዲት እናት ይህን ስነግራት «እንዲህ ቀላል ነበር?» ብላ ሳቀችብኝ። እናትሽ አሁንም ቅር ካላቸው ለልጅቷ አንዲት ትንሽ ድስት ግዢና ጆሮዋ ላይ ቀይ ክር እሰሪባት፤ የእሷ ዕቃ ናት። ካልሆነም የንስሐ አባታችሁን ጠይቂ። እኔ የማውቃቸው አባቶች ለሕፃን «ምግቡን ስጪው» ነው የሚሉት።

አሳ ለጾም ይበላል አይበላም በሚለው ውስጥ አልገባም። ባህር ዳር ላይ ያ ክርክር ከጀመረ እራት ይቀዘቅዛል። ለልጅቷ ግን ቆሮሶ ስታገኚ አጥንቱን በጣትሽ እየዳሰስሽ፣ አንድም ሳይቀር አውጥተሽ፣ ከድንች ጋር ፈጭተሽ ስጫት። በየ6 ወሩ የሚሰጠውን የቫይታሚን ኤ ጠብታም እንዳታሳልፊያት።

«ሲስተር፣ እኔ አያት ነኝ። ምራቴ ከወለደች 12 ቀኗ ነው። ለልጁ ትንሽ ቅቤ ላውጠው፣ ጫፍ ማርም ላስቀምሰው ብል እጄን ያዘችኝ። እኛ ሁሉ በዚህ አይደል ያደግነው? ተቀየምኩ።» ከባህር ዳር

እማማ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት! ምራትዎ እጅዎን የያዘችው ንቃዎት አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ላይ የተነገራትን ይዛ ነው። ማር ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም። ለእኛ የማይጎዳ ጥቃቅን ዘር በውስጡ ሊኖር ይችላል፤ በሕፃን አንጀት ውስጥ ግን መርዝ አውጥቶ ሰውነቱን ያዝለዋል፣ ትንፋሹንም ሊያቆመው ይችላል። ቅቤውም ትን ብሎት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፤ ውኃም ቢሆን አይጨመር። ያቺ መጀመሪያ የምትወጣዋ ቢጫ እንገር «ቆሻሻ ናት» እየተባለች ስንት ጊዜ ተደፋች መሰለዎት። የልጁ የመጀመሪያ ክትባቱ እኮ እሷ ናት።

ማሩን አጥሚቱ ውስጥ ለአራሷ ያድርጉላት። ቅቤውንም አይመልሱት። ለጋ ከሆነ ምራትዎን ከፊትዎ ያስቀምጡና አናቷን ይቀቧት፤ ልጁን እስኪቀቧት ድረስ እርስዎ ይዘውት ይቆዩ ማለት አልችልም፣ እጅዎ ቅቤ ነው። ለልጅዎ ይስጡት። አባትየው ይቀፈው።